ሠርኬ ገና ናት

አበባ የተባለ ሁሉ የሚፈነዳው ጠዋት ነው። ፀሐይ ወጣች፣ ጤዛው ረገፈ፣ ፈነዳ፣ አለቀ። የእናቴ አበባ ግን እንደ ወረዳ ሹም አርፍዳ ነበር የምትገባው። ቀኑን ሙሉ ጥቅልል ብላ ትውልና ሰው ሥራውን ጨርሶ እሳት ዳር ሊቀመጥ ሲያስብ ብቅ ትላለች። ሲጨልም ደግሞ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዝዛ ትጠወልጋለች። በማግስቱ ሌላዋ እምቡጥ በተራዋ ያንኑ ትደግማለች። ለዚህች ለአንድ ማታ ዕድሜ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ መከራ ያየሁት። አሁን እኔው ራሴ ደብረ ብርሃን ጓሮዬ ውስጥ ተክያታለሁ፤ ባየኋት ቁጥር ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው።

አይሪስ ከሚባለው አበባ ወገን መሆኗን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በእኛ አገር ስሟ ሠርኬ ነው። ሠርክ ሲቃረብ ስለምትፈነዳ ስሙን ያወጡላት የደብራችን ቄስ አባ መርስዔ ኃዘን ናቸው። እናቴ ወሰንየለሽ ከማግባቷ በፊት መሐል ሜዳ አንድ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ውኃ ታጠጣ ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ ሌላው ሠራተኛ ባልዲም አካፋም ደርሶት ሲሄድ፣ እሷ ከአንዲት ፈረንጅ እጅ ዝንጅብል የመሰለ ሥር ተቀብላ መጣች። ያውም የማይበላ ዝንጅብል። አባቴ ጌጡ ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። እኔን አያስቀኝም።

ቤታችን ከዘመሮ በላይ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ካብ ሥር ነበር። ጎመኑም ድንቹም ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሲከርም፣ ሠርኬ ብቻ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጣ ትኖራለች። ውኃ ከተኛባት ሥሯ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዙሪያዋ በድንጋይ ይካባል፣ አፈሩ ከጠጠርና ከአመድ ጋር ይደባለቃል። ጠጠሩን ከወንዝ በእንቅብ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ አመዳዩ ቅጠሏን ሲያቃጥለው እናቴ ሥሯን ጭድ ታለብሳታለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ትዕዛዙ ግን በአንዲት ባና ስንጓተት ነበር የምናድረው።

ከሁሉ የከፋው ሕጓ ነበር። እናቴ እንደምትለው የሰው ጥላ ካረፈባት ሠርኬ አትፈነዳም። ስለዚህ ከእሷ በቀር ወደ መደቡ የሚጠጋ የለም። አንድ ቀን፣ ጉሙ የገዛ እጄን እስከሚጋርደኝ ድረስ በወረደበት ቀን፣ ፀሐይ ሳይኖር ጥላ ከየት አመጣለሁ ብዬ ተሟገትኩ። እናቴ ጥላ ፀሐይ ባይኖርም ከሰው ጋር ይዞራል አለች። ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነሐሴ ሲገባ የእመቤታችን ጾም፣ ፍልሰታ ይያዛል። በእኛ አገር ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ጡት የጣለ ሁሉ ይጾማል፣ ይቆርባል። የሚጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሠርኬም የምትፈነዳው በዚሁ ወር፣ በዚሁ ሰዓት ገደማ ነው። እናቴ ይህን እንደ ምልክት ቆጥራ፣ ሠርኬ ሳትፈነዳ በዚህ ቤት አይበላም የሚል ደንብ አወጣች። ደንቡ ለዓመታት ማንንም አልጎዳም። ከቅዳሴ ስንመለስ አበባዋም ፈንድታ ትጠብቃለች፣ እኛም እንበላለን።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ክረምት ግን ሠርኬ ከፋች። ሰው ሁሉ ስለ ያኔው የሰሜን ጦርነት የሚያወራበት፣ የበልግ ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። በልጉ ቢቀር እኔን ምን አገባኝ። እኔ የማውቀው አባቴ በሰኔ ወደ አዋሽ እርሻ ለቀን ሥራ መውረዱን ነው። «እስቲ ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ» ብሎን ነው የሄደው። እውነት መስሎኝ፣ ብርድ የማይችል አባት ስለ ሰጠኝ እግዜርን ተቀይሜው ነበር።

ጾሙ ተያዘ። ከቅዳሴ እየሮጥን ስንመጣ እናቴ ወደ ጓሮ ዞር ብላ ትመለስና «ሠርኬ ገና ናት» ትለናለች። የጎረቤት ልጆች በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ጨዋታ ይጀምራሉ። እኛ በር ላይ ኩርምት ብለን እንጠብቃለን። አሥር ሰዓት ይሆናል፤ ገና ናት። አሥራ አንድ ይሆናል፤ ገና ናት። ትዕዛዙ ማልቀስ ይጀምርና ማልቀሱም ሲደክመው ይተወዋል። በመጨረሻ ቀኑ ሲደነግዝ «ፈነዳች» ትልና ቂጣ በጎመን ታቀርብልናለች። በልተን ወዲያው እንተኛለን። ጎረቤታችን እትዬ ጌታነሽ ድንች ቅመሱ ብለው ሲጠሩንም መሄድ አይቻልም፤ ሰው ቤት የቀመሰ ልጅ አይቆርብም ተብለናል።

እሷ ደግሞ አብራን አትበላም። ስታበስል ቀማምሻለሁ ትላለች። ይሄኔ አንጀቴ ድብን ይል ነበር። እኛን በአበባ አስራ ታስጠብቀናለች፣ እሷ ድስቱ ሥር ተቀምጣ ጾሟን ትገድፋለች።

በዚህ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። የአባ መርስዔ የእጅ ሰዓት ውኃ ገብቶበት ቆመ። በደብሩ ሌላ ሰዓት የነበረው የትምህርት ቤቱ መምህር ነው፤ እሱም ለክረምቱ አገሩ ገብቷል። እንደ ጥንቱ ጥላ በእግር እንዳይለካ የነሐሴ ጉም ከጓሳ ተራራ ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑን ከነጉልላቱ ውጦታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አባ አሰቡ አሰቡና የወሰንየለሽ ሠርኬ ትንገረን አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሴው አልቆ «እትዉ በሰላም» ተብሎ ሰዉ ከመሰናበቱ በፊት፣ ዲያቆን አፈወርቅ በረዣዥም እግሮቹ ካቡን ተሻግሮ ወደ ደጃችን ይወርዳል። ፈነዳች ወይ ብሎ ይጠይቃል። እናቴ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ገና ናት ትላለች።

እሱ እስኪመለስ አባ ተአምረ ማርያም ያነባሉ። ገና ናት ሲባሉ ሌላ ተአምር ይጨምራሉ። ተአምሩ በበዛ ቁጥር ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸው ላይ ያንቀላፋሉ፣ ሕፃናቱ ይነጫነጫሉ፣ ሴቶቹ ይተያያሉ። እትዬ ጌታነሽ «ከነገሩ ጾም እደሩ ማለት ይኼ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሥሯን ነቅለው ለፍየል ቢሰጧት ይሻላል ያለም ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ረኃቤ ጓደኛ አገኘ፤ ደግሞም ደብሩ በሙሉ የሚጠብቀው የእናቴን አፍ ነው።

አሁን ሳስበው እናቴ የነበራት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ያችኑ ቃል ለደብሩም ለእኛም መናገር ነበረባት፤ ፈነዳች ብላ ደብሩን ስታበላ ገና ናት ብላ እኛን ማስጠበቅ አትችልም። ዲያቆኑ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ ካማተበች በኋላ ነበር ወደ ጓሮ የምትሄደው። ያኔ ለአበባዋ የምታማትብ መስሎኝ እናደድ ነበር።

አንድ ቀን ሆዴ ድፍረት ሰጠኝ። ቅዳሴው እንዳለቀ ሹልክ ብዬ ወጣሁና ካቡ ላይ በሆዴ ተኝቼ ወደ ጓሯችን ተመለከትኩ። ሠርኬ ፈንድታለች። ያውም አንድ ብቻ አይደለችም። ቅርንጫፎቿ ላይ ነጣ ያለ ወይን ጠጅ አበቦች፣ ጉሮሯቸው ነጠብጣብ ያለበት፣ ጉሙ ውስጥ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እንደዚህ ማማሯን አላውቅም ነበር። ይኼኔ ዲያቆን አፈወርቅ ደጅ ላይ ደረሰ። እናቴ ወደ ጓሮ መጣች። አበባዋ ፊት ቆመች፣ ጎንበስ ብላ ቅጠሏን ነካች፣ ቀና አለች።

«ገና ናት» አለችው።

ከካቡ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እናቴ ዓይኗ ጠፍቷል።

ምክንያቱንም ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። በእመቤታችን ጾም ስትቀማምስ ከርማ ዓይኗ ቢጠፋ ምን ይገርማል። በደጀ ሰላሙ የሚለምኑ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ፤ ዱላቸውን ይዛ የምትመራቸው ልጃቸው ናት። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ያን ዱላ እኔ ይዤ፣ እናቴን ከኋላ አስከትዬ፣ «ስለ ማርያም» እያልኩ ስዞር ታየኝ። ማታ ልፈትናት ብዬ ማሰሮውን ከቦታው አነሳሁባት። ወዲያው አገኘችው፤ እኔንም በማማሰያ አገኘችኝ። ይህ ግን አላጽናናኝም። የጠፋባት አበባ ማየት ብቻ ነው፣ ሌላው ቀስ እያለ ይከተላል ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ አባ መርስዔን ከቤተልሔሙ አጠገብ ጠብቄ መስቀላቸውን ተሳለምኩና ለዓይን የሚሆን ጸበል እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

«ማነው ዓይኑን ያመመው?» አሉኝ።

«እማዬን ነው፣ አባ። ሠርኬ ፈንድታ፣ አጠገቧ ቆማ፣ ገና ናት ትላለች።»

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ጓሯችን አቅጣጫ ተመለከቱ። ለዓይን የትኛው ጸበል እንደሚሻል የሚያስቡ መሰለኝ። ከዚያ ከዓይን ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ይጠይቁኝ ጀመር። ትናንት ምን እንደበላን፣ ስንቴ እንደበላን፣ እናታችን አብራን ትቀመጥ እንደሆነ። ስታበስል ስለምትቀምስ አብራን አትበላም፣ ዓይኗም የጠፋው በዚሁ ነው ብዬ የደረስኩበትን ሁሉ አስረዳኋቸው።

«ጎታችሁን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አሉ።

«አዎ። ድብብቆሽ ስንጫወት ትዕዛዙ እሱ ውስጥ ነው የሚደበቀው።»

አባ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። ጉም ነው ብዬ አለፍኩት። ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ፤ የዓይን በሽታ ሲወራ ይብሳል አሉኝ። ያን ቀንም ዲያቆኑን እንደ ወትሮው ላኩት፣ እናቴም እንደ ወትሮው ገና ናት አለች። አባ መጽሐፉን ገልጠው ሌላ ተአምር አነበቡ። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም።

ሲመሽ ወደ ቤታችን መጡ። እሳቸው የጸበል ቅል ይዘዋል፣ ዲያቆን አፈወርቅ ከኋላ አንድ ስልቻ በሶ ተሸክሟል። እኔንና ትዕዛዙን ለሰው የምንጠብቃቸውን በጎች ወደ ጋጣ አስገቡ ብለው አስወጡን። ጋጣው ከቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የምሰማው ግማሽ ግማሹን ነበር። እናቴ ታለቅሳለች። ደብሩን ሁሉ አስራብኩ፣ በእመቤታችን ጾም ዋሸሁ የሚል ሰማሁ። አባ ደብሩ ጥቂት ቢቆይ አይሞትም አሏት። ለምን እንዳልነገረቻቸው ሲጠይቋት የእናቴ ድምፅ ከፍ አለ።

«ምን ብዬ ልንገርዎ፣ አባቴ? ጌጡ እግሩ ሳይርቅ ሚስቱ ለልመና ወጣች ይበለኝ ሰው?»

ልመና የምትለዋን ግን በደንብ ሰማኋት። እንግዲህ አባም ተስፋ ቆርጠው ስለ ዱላውና ስለ ደጀ ሰላሙ ነው የሚነጋገሩት ብዬ ጋጣው ውስጥ ከአንዷ በግ ጋር ተቃቅፌ አለቀስኩ።

በኋላ ተጠራን። አባ እሳት ዳር ተቀምጠው ለሁላችንም ደንብ አወጡ። እናታችን ዓይኗን በጸበሉ ትታጠባለች። በሶውን ደግሞ በዘጠኝ ሰዓትም፣ ከመኝታ በፊትም ትበላለች፤ ለዓይን ፍቱን ነው። የምትበላው ግን ልጆቿ ፊት ተቀምጣ ነው። እኔ ደግሞ እያየሁ ካልበላች መጥቼ እንድነግራቸው አዘዙኝ።

«እናንተም አብራችሁ ብሉ» አሉን። «የዓይን በሽታ ይጋባል።»

በማግስቱ ዲያቆን አፈወርቅ ገና ከደጅ ሆኖ ሲጠራ እናቴ «ፈንድታለች» አለችው። አባም የቀደሙትን ቀኖች እስኪመሽ የጾማችሁት ትርፍ ነው፣ ትርፉም በእመቤታችን ዘንድ አይጠፋም ብለው ሕዝቡን አጽናኑ። ከዚያ ወዲያ ጾሙ እስኪፈታ ሠርኬ በሰዓቷ ስትፈነዳ ሰነበተች። የእናቴ ዓይን በአንድ ቀን በራ። ለማንም አትናገሪ የተባልኩትን ለእትዬ ጌታነሽ ልጅ ሹክ ብዬ ኖሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለዓይንሽ እያለ ይመጣ ጀመር። እትዬ ጌታነሽ ድንች አመጡ። ሌላዋ ባቄላ አመጣች። ሁሉም የእናቴን ዓይን አየት እያደረጉ ተሻለሽ ወይ ይሏታል፣ እሷም ተመስገን ትላለች። ድንች የዓይን መድኃኒት መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። አባቴ ለመስቀል ወባ ይዞት፣ ከስቶ ሲመለስ እንኳ ቤታችን የሚቀመስ አልጠፋም ነበር።

ይህን ታሪክ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ስገባ የማርያም ተአምር ብዬ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ። ንዴቴ ይኼ ነው። አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ ከእናቴ ጓሮ ሥር ቆርሼ ደብረ ብርሃን ተከልኩ። ሠርኬ ጉም ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ጎረቤት በጥላው ቢቆምባትም ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ትፈነዳለች። በስልኬ ሰዓት እያየሁ ስንት ቀን ጠበቅኳት፤ አንድም ቀን አሥራ አንድ አላደረሰችም። ጎታው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጓሮው መሐል ቆሜ፣ የትዕዛዙ ጭንቅላት ከጎታው አፍ ብቅ ሲል እየታየኝ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ተናድጄ ደወልኩላት። የዚህች አበባ ሰዓት በእኛ ቤት ለምን ሌላ እንደነበር ጠየቅኳት። የአገሩ አየር ነው አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እናቴ ዘንድሮ ክረምቱን እኔ ጋ ናት። አባቴም አባ መርስዔም አርፈዋል። እሷ ስኳር አለባት፣ ዓይኗንም አሁን የምር ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ መድኃኒቷን ያለ ምግብ እንዳትወስድ አዟል፤ የነፍስ አባቷ እንዳትጾም ፈቅደዋል፤ እኔ ተቆጥቻለሁ፣ ትዕዛዙ በስልክ ለምኗል። ፍልሰታ ነው አለች፤ ሠርኬ ሳትፈነዳ እህል አልቀምስም። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ግትርነት ላብ አጥምቋት ወለል ላይ ወድቃ አገኘኋት። ሐኪም ቤት ስናመላልሳት እንኳ የምትጠይቀው አበባዋን ነበር።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ከንፈሯ ሲገረጣ አየሁና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሠርኬ ጥቅልል ብላለች፣ ጫፏ እንኳ አልላላም። ጥላዬን ጥዬባት ጥቂት ቆምኩ። ከዚያ ገባሁና በሶውን በሰሃን ለወስኩ፣ መድኃኒቷን ከጎኑ አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ፈንድታለች» አልኳት።

«ሠርኬ?»

«ሠርኬ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።»

አልጋዋ ራስጌ ያለችው ሬዲዮ ያንን ሰዓት ጠብቃ ከቀኑ ስድስት ሰዓት መሆኑን ተናገረች። እናቴ እጇን በዳበሳ ሰደደችና ሬዲዮዋን ዘጋቻት። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ በማያዩት ዓይኖቿ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ዓይንሽን ያምሻል እንዴ፣ እስከዳር?» አለችኝ።

«ትንሽ ያመኛል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ለመታጠብ ዘረጋችልኝ፤ አስታጠብኳት። ሰሃኑን ጭኗ ላይ ሳስቀምጥላት የልብሴን ጫፍ ያዝ አድርጋ ከጎኗ አስቀመጠችኝ።

«በይ አንቺም እዚሁ ፊቴ ብዪ» አለች። «የዓይን በሽታ ይጋባል።»